በሕግ አምላክ፦ የታጠቀ ሰውና የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ከጋይንት እስከ ባሕር ዳር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላውም የደጋ አገር ሁሉ፣ ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ መሣሪያ ሲያነሣ በቅድሚያ የሚሰማው ድምፅ «በሕግ አምላክ!» የሚል ነበር። ቃሉን ተበዳዩ ወይም በአጠገቡ የተገኘ ማንኛውም ሰው ሊናገረው ይችል ነበር። የተባለበት ሰው ባለበት መቆም ግዴታው ነው፤ አልቆምም ማለት ከጠቡ የከፋ ድፍረት ሆኖ ይቆጠር ነበር። ተከራካሪዎቹም መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል፤ ነገሩ ካልበረደ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ሹም ደጅ ይሄዳሉ። ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን የመጀመሪያዎቹን አስጊ ደቂቃዎች የሚጠብቀው ይህ ልማድ ነበር።

የታጠቀ ሰው ወደ ሥራ ቦታ ገብቶ ባገኘው ላይ የሚተኩስበት አደጋ ዛሬ በብዙ አገሮች የፖሊስ ሥልጠና ራሱን የቻለ ክፍል ሆኗል። ሥልጠናው ከሞላ ጎደል የሚያስበው ከውጭ ስለሚመጣ ጠላት ነው። በኢትዮጵያ ከደረሱት የዚህ ዓይነት ጥቃቶች ታላላቆቹ ሁለቱ ሲመረመሩ ግን፣ አደጋው የመጣው ጥበቃው በእጁ ከነበረው ወገን ሆኖ ይገኛል። የጋይንትና የአካባቢው ታሪክ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የአገሩ አቀማመጥና የቀድሞው ጥበቃ

ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆ የተዘረጋው ይህ አገር ደጋውና ቆላው በገደል የተለያየ ነው። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ በካርታ ላይ የተቀራረቡ ቢመስሉም፣ ለእግረኛ ግን ርቀታቸው የሚለካው በሚወረደውና በሚወጣው ገደል ነው። በዚህም የተነሣ ገደሉ ለሸፈተ ሰው መጠለያ፣ ለሚከታተለው ሹም ደግሞ መሰናክል ነበር።

ጠመንጃ የወንድነት ክብርና የርስት መጠበቂያ ተደርጎ በሚታይበት አገር መሣሪያን ከሰው እጅ ማውጣት አልተቻለም። ስለሆነም ጥበቃው የተመሠረተው ሰውን በማወቅ ላይ ነበር። የማን ቤት ምን ዓይነት ጠመንጃ እንዳለ፣ ማን ከማን ጋር የድንበር ክርክር እንዳለበት፣ ማን ደም እንዳለበት መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ቂም ሲጠና ሽማግሌ በመካከል ይገባል። ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ያለውን ይዞ መድረስ ይጠበቅበታል። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነም የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ በአውጫጭኝ ይመረምራል።

ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ኃይለኛው ሽማግሌውን ይጫነዋል፤ ድኻው ለብዙ ቀን በአውጫጭኝ ታግዶ አዝመራው ይበላሻል፤ ደም መላሽም ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቢሆንም ሁለት ነገሮችን አሟልቶ ይዟል፤ ሁሉም የሚያውቀው የአደጋ ጥሪና የታጠቀውን ሰው ቅሬታ አስቀድሞ ማወቅ።

የፖሊስ መምጣት

ጋይንት አውሮፕላን ያየችው ከፖሊስ ጣቢያ በፊት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም በተዋጉ ጊዜ የመንግሥቱ ጦር አውሮፕላን አሰልፎ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ የተደራጀ ፖሊስ የተቋቋመው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ነው። በ1930ዎቹ መገባደጃም የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በየጊዜው የእንግሊዝ፣ የስዊድን፣ የጀርመን፣ የእስራኤልና የአሜሪካ አማካሪዎች በሥልጠናው ተካፍለዋል። በ1966 ዓ.ም. የሠራዊቱ ቁጥር 28,000 ያህል እንደነበረ ሲገመት፣ ከዚህ ውስጥ 6,000 የሚሆነው ፈጥኖ ደራሽ ነበር።

«ፈጥኖ ደራሽ» የሚለው ስም ግን መንገድ ባለበት ብቻ እውነት ይሆናል። በገጠሩ አገር የፖሊስ ቁጥር አነስተኛ ስለነበረ ጸጥታው በአብዛኛው በነጭ ለባሽና በአጥቢያ ሹማምንት እጅ ቆየ። በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ ወልድያ መንገድ ነፋስ መውጫን ከደብረ ታቦር ጋር ሲያገናኝ፣ ለጋይንት ጸጥታ የሰጠው አገልግሎት ከአንድ ሻምበል ጦር የሚያንስ አልነበረም። ከዚህ ዋና መንገድ ርቀው በሚገኙት ቀበሌዎች ግን ዛሬም ቢሆን ፖሊስ ደረሰ ማለት ብዙ ጊዜ የሆነው ከሆነ በኋላ ነው።

ጠባቂው ራሱ ሲተኩስ

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በተደረገ ጊዜ ሚኒስትሮችና መኳንንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታገቱ። የሙከራው መሪ የክብር ዘበኛ ዋና አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ፤ የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡም ከእርሳቸው ጋር ቆሙ። የምድር ጦር ወደ ቤተ መንግሥቱ በተቃረበ ጊዜ በአረንጓዴው ሳሎን በታገቱት ላይ ተተኮሰ፤ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ያ ሕንፃ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኝበት ነው። በግቢው በቂ ዘብና በቂ መሣሪያ ነበረ፤ የተኮሱት ግን ዘቦቹን ያዝዙ የነበሩት ናቸው።

ከ58 ዓመታት በኋላ፣ ቅዳሜ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ተመሳሳይ አደጋ በባሕር ዳር ደረሰ። የጋይንቱ ተወላጅ የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ከባልደረቦቻቸው ጋር በስብሰባ ላይ ሳሉ የታጠቁ ሰዎች ገብተው ተኮሱ። ዶክተር አምባቸውና አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴ በዚያው ቀን ሞቱ፤ የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደም በደረሰባቸው ጉዳት ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። መንግሥት ጥቃቱን መርተዋል ያላቸው የክልሉ የሰላምና ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ፣ በማዕረግም በሥራም የሟቾቹ ባልደረባ ነበሩ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላይ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና እንግዳቸው የነበሩት ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ በጄኔራሉ መኖሪያ ቤት ተገደሉ፤ በግድያው የተከሰሰውም የጄኔራሉ ጠባቂ ነው።

ጋይንት ልጇን ያጣችው በጦር ሜዳ ሳይሆን በሥራ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ከተማዋ ለዘጠኝ ቀናት በተያዘች ጊዜ ሆስፒታሏ ሳይቀር ተዘረፈ። የሥራ ቦታ ከጠብ ነፃ የሆነ ስፍራ ነው የሚለው ልማድ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ፈረሰ።

የሌላው ዓለም ልምድ

የሥራ ባልደረባ የሚያደርሰው ጥቃት በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በነሐሴ 1978 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት በኤድመንድ ከተማ፣ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ 14 ባልደረቦቹን ገድሏል። በሚያዝያ 1991 ዓ.ም. በኮለምባይን ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ሲተኩሱ፣ የደረሱት ፖሊሶች በዘመኑ ደንብ መሠረት አካባቢውን ከበው ልዩ ቡድን ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ፖሊስ ሥልጠና ተለወጠ፤ በመጀመሪያ የደረሰ ሁሉ ሳይጠብቅ ይግባ የሚል ሆነ። ይሁን እንጂ በግንቦት 2014 ዓ.ም. በቴክሳስ፣ በዩቫልዲ ትምህርት ቤት 376 የጸጥታ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ ተኳሹ ዘንድ ለመድረስ 77 ደቂቃ ፈጀ፤ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ሞቱ። በመስከረም 2006 ዓ.ም. በናይሮቢ ዌስትጌት የገበያ አዳራሽ 67 ሰዎች በሞቱበት ጥቃትም፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት ሳይናበቡ ገብተው እርስ በርስ እስከ መተኳኮስ ደርሰዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የሠለጠነ ኃይል አስፈላጊ ቢሆንም፣ የሚሞተውና የሚተርፈው ሰው በአብዛኛው የሚለየው ኃይሉ ከመድረሱ በፊት ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ወሳኙ በውስጥ ያሉት ሰዎች የሚያውቁትና ቤቱ የተሠራበት ሁኔታ ነው።

የባለሙያው ድርሻ

የመሐንዲሱ ሥራ ከዚህ ጋር ይገናኛል። የስብሰባ አዳራሽ አንድ በር ብቻ ካለው፣ በሩን የያዘ ሰው ሁሉንም ሰው ይዟል። ሁለተኛ መውጫ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ጠንካራ በር፣ ከእንግዳ መቀበያው ተለይቶ የሚገኝ የመሣሪያ ማስረከቢያ ክፍል፣ በሁሉም ፎቅ የሚሰማ የአደጋ ደወል በንድፉ ጊዜ ከታሰቡ ወጪያቸው ቀላል ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስን ይጠይቃሉ። በሩ ከእሳት አደጋ ጋር እንዳይጋጭም በውስጥ ያለው ሰው ያለ ቁልፍ ከፍቶ የሚወጣበት፣ በውጭ ያለው ግን የማይከፍተው ዓይነት መሆን አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን በፈቃድ ሥር ቢያደርግም፣ በእያንዳንዱ ደጅ መሣሪያውን የሚቀበል ክፍልና ደንብ ከሌለ አዋጁ ከወረቀት አያልፍም።

በርና ደወል ግን ጠባቂው ራሱ የተኮሰ እንደሆነ ብቻቸውን አያድኑም። ለዚያ የሚበጀው የቀድሞው መንደር ያውቀው የነበረው ነገር ነው። ዘበኛው ደመወዙ ተቋርጦበት እንደሆነ፣ ሹሙ ከሹም ተቀያይሞ እንደሆነ፣ የተባረረ ሠራተኛ ዛቻ አሰምቶ እንደሆነ የሚሰማና ሸምግሎ የሚያበርድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአሠሪው ላይ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ሲጥል፣ ይህን ዓይነቱን ጥንቃቄ ከማሽን መከለያና ከራስ ቁር ለይቶ ማየት አይገባም።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር። «በሕግ አምላክ» የሚለው ጥሪ ሰውን ያቆም የነበረው ጠሪው ስለታጠቀ አልነበረም፤ ቃሉን ሁሉም ስለሚያውቀውና የሰማ ሁሉ ይደርሳል ተብሎ ስለሚታመን ነው። በባሕር ዳር፣ በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ የሚሠራ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለራሱ እንደዚህ ያለ የታወቀ ጥሪ፣ የታወቀ መውጫና የታወቀ ሽማግሌ ሊኖረው ይገባል።