በባሕር ማዶ የሚካሄድ ምርምር እንዴት ተቀናጀ? የአይቢኤም ልምድ

አንድ ኩባንያ በልዩ ልዩ አገሮች ቤተ ሙከራዎችን ሲያቋቁም የብዙ ሰዎችን ዕውቀት ያገኛል፤ ይሁን እንጂ ሥራቸውን የሚያስተሳስር ሥርዓት ከሌለ እያንዳንዱ በየፊናው መሮጡ አይቀርም። የአሜሪካው አይቢኤም ይህን በተግባር የተማረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

ኩባንያው በ1958 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሐርስሊ፣ ቤተ ሙከራ ከፈተ። በዚያም በጆን ፌርክላፍ መሪነት ስካምፕ የተባለ አነስተኛ ኮምፒዩተር ተነደፈ። የአሜሪካ ክፍሎችም በበኩላቸው የየራሳቸውን ማሽን ይሠሩ ነበር። ለአንዱ ማሽን የተጻፈው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በሌላው ላይ ስለማይሠራ፣ ወደ ትልቅ ማሽን የሚሸጋገር ደንበኛ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ለማጻፍ ይገደድ ነበር።

በ1961 መጨረሻ ስፕሬድ የተባለው የኩባንያው ኮሚቴ፣ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ትእዛዝ የሚቀበሉ አንድ ቤተሰብ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። ስካምፕም ለዚሁ ዓላማ ተሰረዘ። ሐርስሊ ማሽኑን አጣ፤ ዕውቀቱ ግን አልባከነም። ስካምፕ የተሠራው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ዊልክስ በ1951 ባቀረበው የማይክሮፕሮግራም ዘዴ ሲሆን፣ በዚህ ዘዴ የማሽኑ ትእዛዝ የሚፈጸመው በማስታወሻ ውስጥ በተጻፉ ጥቃቅን እርምጃዎች አማካይነት ነው። ስለዚህ ርካሹ ማሽን ዝግ ብሎም ቢሆን የትልቁን ትእዛዝ ሊፈጽም ቻለ። ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም 360 ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ከስድስቱ ሞዴሎች አንዱ፣ ሞዴል 40፣ የሐርስሊ ሥራ ነበር።

ቅንጅቱን ያስቻለው ምንድን ነው? አምዳል፣ ብላውና ብሩክስ ማሽኑ ለፕሮግራም ጸሐፊው የሚታይበትን ገጽታ ከውስጥ አሠራሩ ለዩት። የመጀመሪያው ለሁሉም በጋራ ተደነገገ፤ ሁለተኛው ለየቤተ ሙከራው ተተወ። በጀርመን የቦብሊንገን ቤተ ሙከራ ሞዴል 20ን የነደፈውም በዚሁ ዘመን ነው።

በፕሮግራም ረገድ ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ የሲስተም 360 ዋና ማስኬጃ ፕሮግራም ከታሰበው ጊዜ ዘገየ። ሥራውን የመራው ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረዳ፤ የሠራተኛው ቁጥር ሲያድግ እርስ በርስ ለመግባባት የሚጠፋውም ጊዜ ይበዛልና። በአንጻሩ ፒኤል ዋን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የመተርጎሚያው ፕሮግራም በሐርስሊ ተሠራ፤ የቪየናው ቤተ ሙከራም የቋንቋውን ትርጉም በሒሳባዊ ጥብቅነት ደነገገ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ርቀትን የሚያሸንፈው የትእዛዝ ብዛት ሳይሆን በግልጽ የተጻፈ የጋራ ድንጋጌና ለየክፍሉ የተሰጠ ሙሉ ኃላፊነት መሆኑን ነው። ይሁንና ስካምፕን የሰረዘው ውሳኔ የመጣው ከማዕከሉ ነበር። ስለሆነም በሩቅ ያለ ቤተ ሙከራ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ፣ የትኛውን ክፍል እንሥራ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ የጋራው ድንጋጌ ሲጻፍ የእኛ ድምፅ የት አለ የሚለውም ጭምር ነው።