አሻንጉሊት የልጅ ነው ያለው ማነው?

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር አሐዱ ብሎ አፉን የፈታው በአውሬዎች አንደበት ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ታሪክ ነው።

ጊዜው 1913 ዓ.ም. ገደማ። በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ) አንድ ተውኔት ጻፉ። ስሙ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው ሠርተውት አዲስ አበባ በነበረው ቴራስ ሆቴል አሳዩት። ሊያዩ የመጡት መኳንንትና ሹማምንት ናቸው። መድረኩ ላይ የሚያወሩት አውሬዎች፣ ወሬው ግን የዘመኑ የተበላሸ አስተዳደር።

ታገደ። ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱ ዳግም እንዳይታይ አደረጉ። ቴአትር እንደገና ብቅ ያለው አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ከነገሡ ወዲህ፣ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ብዕራቸውን ሲያነሱ ነው።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ሰው አዳራሽ ውስጥ «ጅቡ ሰረቀ» ብሎ ተረት ቢያወራና ከፊት ወንበር አንዱ ብድግ ብሎ «ለምን ስሜን ታነሳለህ?» ቢለው፣ ጅቡን በስሙ የጠራው ማን ነው? ተራቹ ወይስ የተቆጣው? ፋቡላን ያስታገደው ይሄ ይመስለኛል። አውሬ የሚያወራበትን ጨዋታ የሚከለክል ሰው፣ ሳያውቀው መልኩን አይቷል።

ይህን ማንሳቴ በምክንያት ነው። ሰሞኑን ዊንጌት ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ ስለ «አቬኑ ኪው» ሰምቶ ሲስቅ ነበር። «ትልልቅ ሰው ገንዘብ ከፍሎ አሻንጉሊት ሲዘፍን ያያል? አሻንጉሊት እኮ የልጅ ነው!» አለኝ።

«አቬኑ ኪው» እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ የተከፈተ፣ በዓመቱ የቶኒን የምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት ሽልማት የወሰደ ኮሜዲ ነው። መልኩን የልጆች ፕሮግራም ከሆነው «ሴሳሚ ስትሪት» ወስዶ፣ ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥራ ማጣት ለአዋቂ ይዘፍናል። አሻንጉሊቱን የያዘው ተዋናይ አይደበቅም፤ እዚያው ቆሞ ይታያል። ትንሽ ቆይተህ ግን ሰውየውን ትረሳና አሻንጉሊቱን ማየት ትጀምራለህ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፕሪንስተን በእንግሊዝኛ ቢኤ ይዞ የተመረቀ፣ ሥራ የሌለው፣ በአቅሙ የሚከራየው ቤት የሚፈልግ ወጣት ነው። እኔም ቢኤ አለኝ፤ የምኖረው በጽሑፍ ተከፍሎኝ ነው። ወዳጄም ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጠ ቆይቷል። የማን ታሪክ እንደሆነ አስረዱኝ እስኪ።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። ግን አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል። የተነካው ሰው ቢቆጣ አዝማሪው «የተቀበልኩትን ነው» ይላል፣ ግጥም ሰጪው ደግሞ «እኔ መቼ ዘፈንኩ?» ይላል። ቃሉ ከሁለቱም አፍ ወጥቷል፤ ባለቤቱ ግን አይገኝም። አሻንጉሊት የሚሠራውም ይሄንኑ ነው። «እረኛ ምን አለ?» እያለ የአገሩን ልብ ትርታ ይጠይቅ የነበረ ሕዝብ ይህን ጥበብ ከማንም አልተዋሰም። ዘፈኑም፣ ቧልቱም፣ የሚናገረው አውሬም ከቤታችን አለ። ያጣነው አንድ ላይ መድረክ የሚያወጣቸው ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት ተለያዩ? እንደኔ እንደኔ፣ ከፋቡላ በኋላ የሚናገረውን አውሬ ለልጆች አስረከብነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ጣሊያን ደጅ ላይ ነበር፤ መድረኩ ሕዝብ ማነቃቃት ነበረበት። ከዚያ በኋላም ታሪክ፣ አርበኝነትና ሐዘን የከበረ ቦታ ያዙ። እነ መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» አዋቂውን አሳቁት፤ የሚያስቁት ግን ሰዎች ናቸው። እንስሳቱ ወደ ቴሌቪዥን የልጆች ሰዓት ገቡ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነገሩን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በእጅ የምትንቀሳቀስ ቀጭኔ ይዛ መጣች። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። እዳው የአዋቂዎች ነው፤ ካደግን በኋላ የሚነግረን አውሬ አጣን።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2009 «ዘ ኤክስ ዋይ ዚ ሾው»ን ጀመረች። ካርቱኒስቱ ጋዶ የፖለቲከኞቹን መልክ በአሻንጉሊት ሠርቶ በቴሌቪዥን አሳቀባቸው። ኬንያ ከ1,000 በላይ ሰው ካለቀበት የምርጫ ግጭት ገና በቅጡ አላገገመችም ነበር። «ጊዜው ለቧልት አይመችም» የሚለውን ሰበብ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። ሰው እርስ በርሱ መነጋገር ሲከብደው፣ በአሻንጉሊት አፍ የተነገረ ነገር አንዳንዴ ያለ ጠብ ይሰማል።

አደጋ የለውም አልልም። ፋቡላ ራሱ ምስክር ነው፤ ጭምብሉ ደራሲውን አላዳነውም። ግን አስቡት፤ ያገደው ዘመን አልፏል፣ ከ100 ዓመት በኋላ የምናወራው ስለ ተውኔቱ ነው።

የኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአምቦ መጥቶ እዚህ ሲማር፣ ኤሪክ ቴይለር የሚባል መምህር የቴአትር ፍቅሩን አይቶ አበረታታው። ያ ልጅ ኋላ የብሔራዊ ቴአትር መሪ ሆነ። አንድ መምህር ይህን ያህል ካደረገ፣ ሀገር ፍቅርን የሚያህል አንጋፋ ቤት በዓመት አንድ ምሽት ለአዋቂዎች የአሻንጉሊት ኮሜዲ ቢሰጥ ምን ይጎዳዋል? አንድ ማሲንቆ፣ አራት አሻንጉሊት፣ የማይፈራ አንድ ደራሲ ይበቃል። የመጀመሪያውን ትኬት እኔ እገዛለሁ፤ ሁለተኛውን ለዚያ ወዳጄ።

እናንተስ፣ ፋቡላ ዛሬ እንደገና ቢታይ ከፊት ወንበር ማን የሚነሳ ይመስላችኋል?