መዝገቡ የቀረ፣ ሰው የሄደ፦ የቻይና ገጠር የጤና መድን

የቻይና ገጠር የጤና ሥርዓት የፈረሰው ሐኪም ስለጠፋ አይደለም፤ ሐኪሙን የሚያኖረው ማኅበር ስለፈረሰ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ፖሊሲዎች መመዘን ያለባቸው የዚያን ማኅበር ቦታ በመሙላት ባለመሙላታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኦ ዜዱንግ በ1965 የጤና ሚኒስቴሩን ከተሜውን ብቻ ያገለግላል ብለው ከወቀሱ በኋላ፣ ከገበሬው መካከል የተመረጡ ወጣቶች ለጥቂት ወራት እየሠለጠኑ «የባዶ እግር ሐኪሞች» ተባሉ። ከእርሻቸው ሳይለዩ ይከትባሉ፣ ያዋልዳሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፣ በመርፌና በባህላዊ መድኃኒት ያክማሉ። ድካማቸው እንደማንኛውም ገበሬ በሥራ ነጥብ ይቆጠራል፤ የመድኃኒቱም ወጪ ከኮምዩኑ (ከገበሬዎቹ የጋራ ማኅበር) ገንዘብና ከአባላት መዋጮ ይሸፈናል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከመንደሮቹ 90 በመቶ ያህሉ ይህ የኅብረት ሕክምና ነበራቸው። ሙያው ውስን ነበር፤ ቢሆንም ገበሬው ደጁ ላይ ያገኘው ነበር።

ከ1978 በኋላ መሬቱ ለየቤተሰቡ ሲደለደል ምርት አደገ፤ ሚሊዮኖች ከችጋር ወጡ። የሥራ ነጥቡ ግን ቀረ፣ የጋራው ካዝናም ተራቆተ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሽፋኑ ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ። የመንደሩ ሐኪም መድኃኒት ሸጦ አዳሪ ሆነ። ሆስፒታሎችም የመሠረታዊ አገልግሎት ዋጋቸው በመንግሥት ዝቅ ተደርጎ ሲተመን፣ በመድኃኒት ላይ 15 በመቶ እንዲያተርፉ ተፈቀደላቸው፤ ብዙ መድኃኒት ያዘዘ ብዙ ገቢ አገኘ። በ2001 ከአገሪቱ የጤና ወጪ 60 በመቶ ያህሉ ከታማሚው ኪስ ይወጣ ነበር። ለድሃው ገበሬ የዚህ ትርጉሙ በሽታን ይዞ ቤት መቀመጥ ነው።

የሳርስ ወረርሽኝ በተስፋፋበት በ2003 መንግሥት አዲስ የገጠር መድን ጀመረ፦ ከአባሉ 10 ዩዋን፣ ከመንግሥት 20። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ መላውን ገጠር ለማዳረስ ተቃረበ፤ በ2017 ደግሞ የመድኃኒት ትርፉ ከመንግሥት ሆስፒታሎች ሁሉ ተነሣ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን መድኑ የተተከለው ሰው በነዋሪነት በተመዘገበበት አካባቢ ነው፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ 376 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከተመዘገቡበት ርቀው ይኖሩ ነበር። በሼንዠን ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የታመመ የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ልጅ ለዓመታት የሕክምናውን ዋጋ ራሱ ከፍሎ፣ ደረሰኙን አገሩ ድረስ ማቅረብ ነበረበት። በክፍላተ ሀገር መካከል በቀጥታ የሚሠራው የሂሳብ ማወራረጃ ችግሩን ቢያቃልለውም፣ ከምዝገባው ውጭ የታከመ ሰው የሚተካለት ገንዘብ አሁንም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። የአባሉ ዓመታዊ መዋጮ ግን በ2024 400 ዩዋን ደርሷል፤ ከመንግሥት ድጎማ ከሚያገኙት እጅግ ድሆች በቀር አቅም ያለውም የሌለውም እኩል ይከፍላል። መዋጮው በገቢ ሊመጠን፣ መድኑም መዝገቡን ትቶ ሠራተኛውን ሊከተል ይገባል።