ከወለል የተለቀመ ሣቅ፦ የቪዲዮ ቴፕና የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የስሕተት ፕሮግራሞች

በእንግሊዝ አገር የቲያትር ሰዎች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ አባባል አለ። የመጨረሻው ልምምድ ተበላሽቶ፣ መጋረጃው አልከፈት ብሎ፣ ተዋናዩም ቃሉ ጠፍቶት ሁሉም አንገቱን በደፋበት ሰዓት፣ ከመካከላቸው አንዱ ይነሣና «ግድ የለም፣ በምሽቱ ይሰምራል» ብሎ ያጽናናቸዋል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1977 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሎንዶን ዊክኤንድ ቴሌቪዥን የተባለው ኩባንያ ይህንኑ አባባል ርእስ አድርጎ አንድ ልዩ ፕሮግራም ለሕዝብ አቀረበ። አቅራቢው ሚስተር ዴኒስ ኖርደን መነጽር ያደረጉ፣ ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ከእጃቸው የማይለይ፣ በዝግታ የሚናገሩ ቁመተ ረጅም ሰው ነበሩ። ቀደም ሲል ከጓደኛቸው ከሚስተር ፍራንክ ሚዩር ጋር ሆነው ለሬዲዮ በጻፏቸው አስቂኝ ድርሰቶች የታወቁ ናቸው። በዚያ ምሽት ያሳዩት ግን የማንም ድርሰት አልነበረም። ያሳዩት ተዋንያንና ዜና አንባቢዎች የተሳሳቱበትን፣ በሩ አልከፈት ያለበትን፣ እንስሳው አልታዘዝ ያለበትን፣ ሣቅ አፍኖ የያዘው ሰው ድንገት ያመለጠውን፣ በአጭሩ ማንም እንዲያየው ያልታሰበውን ቁራጭ ሁሉ ነበር።

ተመልካቹ ሣቀ፤ ፕሮግራሙም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኖረ። በመሣሪያ ሙያ ላይ ለተሰማራ ሰው ግን ከሣቁ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም ያ ሁሉ ስሕተት ሳይጠፋ እንዴት ሊቆይ ቻለ የሚለው ጥያቄ ነው።

ቢ.ቢ.ሲ. በ1936 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር፣ ካሜራው ያየውን ነገር የሚያስቀምጥበት ዕቃ አልነበረውም። ስሕተት ቢሠራ በአየር ላይ ተሠርቶ በአየር ላይ ይቀር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ገደማ ሥዕሉን ከቴሌቪዥን መስተዋት ላይ በፊልም ካሜራ መቅዳት ቢጀመርም፣ ጥራቱ አነስተኛ፣ አሠራሩም አድካሚ ስለ ነበረ ጥቅም ላይ የዋለው ለተመረጡ ዝግጅቶች ብቻ ነበር። የቴሌቪዥን ድራማ ማለት በዚያ ዘመን በአንድ ትንፋሽ የሚሠራ ቲያትር ማለት ነበር።

የዚህ አሠራር ክብደት ምን ያህል እንደ ነበረ በኖቬምበር 30 ቀን 1958 የደረሰው ነገር ያስረዳል። ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዚያ እሑድ ምሽት «አንደርግራውንድ» የተሰኘ ድራማ በቀጥታ በሚያሠራጭበት ጊዜ፣ ጋሬዝ ጆንስ የሚባል ወጣት ተዋናይ በሁለት ትዕይንቶች መካከል ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ዳይሬክተሩ ቴድ ኮቼፍ ሥርጭቱን ሊያቆም አልቻለም። የቀሩት ተዋንያን የሟቹን ቃል እርስ በርሳቸው እየተከፋፈሉ፣ ታሪኩንም እዚያው እያጠጋገኑ ድራማውን እስከ ፍጻሜው አደረሱት። በስሕተት ፕሮግራሞች የሚሥቅ ሰው ይህን ምሽት ቢያስታውስ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም፤ ተቆርጦ የሚወድቅ ስሕተት መኖሩ ራሱ ትልቅ ምቾት ነበርና።

ምቾቱን ያመጣው ማግኔታዊ ቴፕ ነው። የድምፅ ቴፕ አስቀድሞ የታወቀ ቢሆንም፣ ሥዕልን መቅረጽ ግን ሌላ ፈተና ነበር። ድምፅ በሴኮንድ ከሃያ ሺህ ዑደት አይበልጥም፤ የቴሌቪዥን ሥዕል ደግሞ ብዙ ሚሊዮን ዑደት ይጠይቃል። ስለዚህ ቴፑ በመቅረጫው ራስ ፊት እጅግ በፈጠነ መጠን ማለፍ ነበረበት። የቢ.ቢ.ሲ. መሐንዲሶች ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠሩበት የቆዩት «ቬራ» የተባለው መሣሪያ ይህንን ችግር በቀጥታ ጉልበት ለመወጣት ሞከረ። ግማሽ ኢንች ስፋት ያለው ቴፕ በሴኮንድ 200 ኢንች፣ ማለትም 5 ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። መንኰራኵሩ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት እያለው፣ አራት ሺህ አምስት መቶ ሜትር የሚያህል ቴፕ ተጠቅልሎበት፣ የሚቀዳው አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። መሐንዲሶቹ ሥዕሉን በሁለት የድግግሞሽ ክፍል ከፍለው በተለያየ መስመር መቅረጻቸው ብልኀት የተሞላበት ዘዴ ነው። በኤፕሪል 1958 ዓ.ም. በ«ፓኖራማ» ፕሮግራም ላይ ሪቻርድ ዲምብልቢ በመሣሪያው አጠገብ ተቀምጦ ከተናገረ በኋላ፣ የተናገረው ወዲያው ተመልሶ ለተመልካቹ ታየ።

ነገር ግን ቬራ ገና ስትወለድ ዘመኗ አልፎባት ነበር። አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቻርልስ ጊንስበርግ መሪነት፣ በኋላ በድምፅ ሥራ ስሙ የገነነው ሬይ ዶልቢም ባለበት ቡድን፣ በ1956 ዓ.ም. የተለየ መፍትሔ አቅርቦ ነበር። ቴፑን ከማስሮጥ ይልቅ ራሱን መቅረጫውን አዞሩት። ባለ ሁለት ኢንች ቴፕ በሴኮንድ 15 ኢንች ያህል በዝግታ ሲያልፍ፣ አራት የመቅረጫ ራሶች የተተከሉባት ትንሽ መንኰራኵር ቴፑን በአግድም እየቆረጠች ትሽከረከራለች። በአሜሪካ በደቂቃ 14,400፣ በእንግሊዝ ደግሞ 15,000 ጊዜ መሆኑ ነው። የእንግሊዙ ቢሰላ በሴኮንድ አንድ ሺህ መስመር በቴፑ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። የአገሩ ልጆች ስድስት ዓመት የደከሙበት መሣሪያ ወደ ጐን ተትቶ የውጭው መገዛቱ ቢያሳዝንም፣ ሚዛኑ ግልጽ ስለ ነበረ የተከራከረ አልነበረም።

የስሕተት ፕሮግራሞች መነሻ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቴፑ ውድ ነበር። ፊልም በዓይን እየታየ በመቀስ ይቆረጣል፤ የቴፕ ሥዕል ግን አይታይም። ቆራጩ ደቃቅ የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ፈሳሽ በቴፑ ላይ ቀብቶ፣ ማግኔታዊው መስመር ሲገለጥለት በማጉያ መነጽር አይቶ፣ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ፈልጎ በምላጭ መቁረጥ ነበረበት። በፀጉር ያህል ቢስት ሥዕሉ በስርጭቱ ላይ ይዘላል። የተቆረጠና የተቀጠለ ቴፕ ደግሞ ለሌላ ቀረጻ በደኅና ስለማያገለግል፣ አለቆች የቁርጡን ቁጥር በስስት ይፈቅዱ ነበር። በመሆኑም ተዋናዩ ሲሳሳት ዳይሬክተሩ ብዙውን ጊዜ «ከመጀመሪያው እንሂድ» ይላል፤ የተበላሸው ቅጂ ይተዋል፣ ወይም በላዩ ላይ ሌላ ይቀረጽበታል። በኤሌክትሮኒክስ ዘዴ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው እየገለበጡ ማቀናበር በተለመደ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ተረፈ ምርቱ ከዋናው ሥራ ተለይቶ በሌላ ጥቅል ላይ ሳይነካ ሊቀር ቻለ።

ይህ ተረፈ ምርት በመጀመሪያ የማንም ንብረት አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎችም የቴፕ ክፍል ቴክኒሺያኖች ናቸው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ከመሣሪያ ጋር የሚያድሩት እነዚህ ባለሙያዎች፣ ዓመቱን ሙሉ ያዩትን ስሕተት ቆጥበው በገና ሰሞን ለራሳቸው መዝናኛ አንድ ቴፕ ያዘጋጁ ነበር። የቢ.ቢ.ሲ. ባለሙያዎች በ1979 ዓ.ም. ያዘጋጁት «ጉድ ኪንግ ሜሞሬክስ» ይባላል። በእንግሊዝ የታወቀውን የገና ንጉሥ ስም ከአንድ ቴፕ ፋብሪካ ስም ጋር ያጋጠመ የባለሙያ ቀልድ ነው። ቴፖቹ ከተሠሩበት ክፍል አልፈው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ በአለቆችና በሠራተኞች መካከል ቅሬታ መፍጠራቸው አልቀረም። አለቆቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ያልተፈቀደ ሥዕል ባለቤቱ ሳያውቅ መዞር አልነበረበትምና።

ይሁን እንጂ የዚያኑ ዘመን ሌላ ገጽታ ሳይጠቅሱ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቴክኒሺያኖቹ የስሕተቱን ቁራጭ በኪሳቸው በሚደብቁበት በዚያው ሕንጻ፣ ትክክለኛው ሥራ በሥርዓትና በፊርማ ይደመሰስ ነበር። ቴፑ በላዩ ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ ዋጋ ስለ ነበረው፣ ድጋሚ የማይታይ የተባለው ፕሮግራም ሁሉ ተደምስሶ ቴፑ ወደ መጋዘን ይመለሳል። በዚህ መንገድ «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ድራማ ከዘጠና በላይ ክፍሎች ጠፍተዋል። የፒተር ኩክና የደድሊ ሙር አስቂኝ ዝግጅት አብዛኛው ጠፍቷል። ሰው በጨረቃ ላይ በረገጠበት በጁላይ 1969 ዓ.ም. የቢ.ቢ.ሲ. ስቱዲዮ ያሠራጨው ሌሊቱን ሙሉ የቆየ ዝግጅት እንኳ አልተረፈም። ይህ አሠራር የተገታው በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ለማኅደሩ ኃላፊነት ተሰጥቶት ምርጫ ሲጀመር ነው። የታሰበበት ሥራ በደንብ ሲጠፋ፣ ያልታሰበበት ስሕተት ያለ ደንብ መትረፉ ለማኅደር ሙያ እጅግ መራራ ትምህርት ነው።

ወደ ሚስተር ኖርደን እንመለስ። ፕሮግራሙን ያቋቋመው ፖል ስሚዝ የተባለ አዘጋጅ ሲሆን፣ ይኸው ሰው በኋላ «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማነው» የተሰኘውን ውድድር በዓለም ያሠራጨውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል። የፕሮግራሙ ጠባይ ግን የተቀረጸው በአቅራቢው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየዓመቱ እንኳ አይቀርብም ነበር፤ አንዱ ቀርቦ ሌላው እስኪመጣ ሁለት ዓመት ይቆያል። በዚያ ጊዜ እንግሊዛዊው የሚመርጠው ከሦስት ጣቢያ ብቻ ስለ ነበረ፣ በነጋታው በየፋብሪካውና በየቢሮው ሁሉም የሚያወራው ስለዚያው አንድ ነገር ነበር። ሚስተር ኖርደን ስሕተቱን ከማሳየታቸው በፊት ስለ ሙያው ጥቂት ያስረዳሉ፤ ሰውየው ስንት ጊዜ እንደ ሞከረ፣ ሰዓቱ ምን ያህል እንደ መሸ ይናገራሉ። በዚህም የተነሣ ተመልካቹ የሚሥቀው በደከመ ሠራተኛ ላይ ሳይሆን ከሠራተኛው ጋር ነበር። በአሜሪካ ከርሚት ሻፈር የተባለው ሰው በ1950ዎቹ የሬዲዮ ስሕተቶችን በሸክላ እያሳተመ ሲሸጥ፣ ቅጂ ያላገኘላቸውን በሌሎች ሰዎች ድምፅ እንደ አዲስ ያስቀርጽ እንደ ነበረ ይታወቃል። የተተወነ ስሕተት ስሕተት መሆኑ ይቀርና ደካማ ድራማ ይሆናል።

ቢ.ቢ.ሲ. በበኩሉ የራሱን ፕሮግራም የጀመረው ዘግይቶ በ1991 ዓ.ም. ነው። አቅራቢው የአየርላንዱ ተወላጅ ሚስተር ቴሪ ዎገን ነበሩ። ርእሱ «ኦንቲስ ብሉመርስ» ሲሆን «ኦንቲ» ወይም አክስቴ ማለት ሕዝቡ ለቢ.ቢ.ሲ. ያወጣለት የቁልምጫ ስም ነው፤ «ብሉመርስ» ደግሞ ስሕተትም፣ የድሮ ሴቶች ሰፊ የውስጥ ሱሪም ስለሆነ ትርጉሙን ለአንባቢ መተው ይሻላል። ቢ.ቢ.ሲ. የሚያሳየው አላጣም። በ1969 ዓ.ም. «ብሉ ፒተር» በተባለው የልጆች ፕሮግራም ላይ ሉሉ የተባለች ግልገል ዝሆን ስቱዲዮውን አቆሽሻ፣ አቅራቢውን ጆን ኖክስን እግሩን ረግጣ የሄደችበት ሥዕል ብቻውን ስንት ጊዜ እንደ ታየ ቈጥሮ የሚጨርሰው የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭር ሊነገር ይችላል። ጣቢያዎች በዙ፤ የስሕተት ፕሮግራሞችም እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ቴፑ ቀርቶ ቀረጻ በኮምፒዩተር ሲሆን የተበላሸ ቅጂ ማቆየት ምንም የማያስወጣ ሆነ፤ ተዋናዩም ስሕተቱ እንደሚሸጥ ዐውቆ ሲሳሳት ወደ ካሜራው ዘወር ብሎ መሣቅ ለመደ። የዛሬዎቹ ናፋቂዎች «የድሮው ይሻል ነበር» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ወጣትነታቸው ነው። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ አንድ እውነት አላቸው፤ የድሮው ስሕተት ማንም እንደማያየው ታምኖ የተሠራ ነበር።

ንጹሕ ስሕተት ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በሜይ 2006 ዓ.ም. ጋይ ጎማ የተባለ የኮንጎ ተወላጅ በቢ.ቢ.ሲ. ሕንጻ ለኮምፒዩተር ነክ ሥራ ሊፈተን መጥቶ ሲጠብቅ፣ ስሙ ከአንድ የተጋበዘ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ ስም ጋር በመገጣጠሙ ወደ ዜና ስቱዲዮ ተወሰደ። አቅራቢዋ ባለሙያ አድርጋ ስታስተዋውቀው በፊቱ ላይ የታየው ድንጋጤ በዓለም ዙሪያ አሥቋል። ሰውየው ግን አልተነሣም፤ በትሕትና ተቀምጦ የተጠየቀውን እንደ አቅሙ መለሰ። ስሕተቱ የሌላ፣ ፊቱ የእሱ ነበር። ሚስተር ኖርደን ይህን ቢያቀርቡት ኖሮ ከሥዕሉ በፊት ምን ይሉ እንደ ነበር ማሰብ ደስ ይላል።

እሳቸው ግን በዚያው በ2006 ዓ.ም. ፕሮግራሙን ለቀቁ፤ በሴፕቴምበር 2018 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። ፕሮግራሙ በሌሎች አቅራቢዎች ቀጠለ። የሁለት ኢንች ቴፕ መሣሪያዎች ግን በሥራ ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ የመቅረጫ ራሶቻቸው በየጊዜው መታደስ ይሻሉ፣ ማደስ የሚችሉትም ሰዎች እየተመናመኑ ሄደዋል። አሮጌው ቴፕ ማጣበቂያው እርጥበት እየጠጣ ስለሚላላ፣ አንዳንዱ ጥቅል ከመታየቱ በፊት ለብዙ ሰዓት በለሰስተኛ ሙቀት መድረቅ አለበት። ከዚያም አንድ ጊዜ ያልፋል፤ ሁለተኛ ማለፉን ግን ማንም ዋስ አይሆንም።