የአሳላፊዎቹ ሆቴል

«ስለ ሆቴል ደግሞ ታሪክ ይጻፋል እንዴ?» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። ታሪክ ሲባል የለመድነው የነገሥታትንና የጦርነትን፣ የድንበርንና የውልን ወሬ ነውና አይፈረድበትም። እኛ ግን አንድ ሕንጻ ይዘን፣ ገንዘቡን ማን እንዳወጣ፣ አዳራሹ ውስጥ ማን እንደተሰበሰበ፣ በጓሮ በር ማን እንደገባ ብንጠይቅ የአንዲት አገር ታሪክ ይገለጥልናል ብለን እናምናለን። አገሪቱ ኩባ ናት፤ ከተማዋ ሀባና፤ ሕንጻው ዛሬ ሀባና ሊብሬ የሚባለው ሆቴል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባ በሐሩር ቀበቶ ውስጥ ያለች ደሴት ናት። በ1898 ከስፔን አገዛዝ ብትላቀቅም ወዲያው ከአሜሪካ ጥላ ሥር ወደቀች። ኑሮዋ የተንጠለጠለው በአንድ ሰብል፣ በሸንኮራ አገዳ ላይ ነበር። የስኳር ዋጋ ሲወድቅ አገሩ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ መንግሥታቷ ሁለተኛ የገቢ ምንጭ ሲፈልጉ ዓይናቸው ያረፈው በባሕሩ፣ በፀሐዩና በሙዚቃው ላይ ነው። አጋጣሚውም ረዳቸው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ በሕግ ስትከለክል፣ ከፍሎሪዳ ጫፍ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀው ሀባና የጠማው ሁሉ የሚሻገርባት ከተማ ሆነች።

በዚያ ዘመን ከተሠሩት ሆቴሎች ታላቁ በዲሴምበር 1930 የተመረቀው ሆቴል ናሲዮናል ነው። ንድፉን ያወጡት የኒውዮርክ አርክቴክቶች ናቸው። የቆመበት ኮረብታ የድሮ የመድፍ ምሽግ ነበር። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ እንደገና ምሽግ ሆነ፦ በ1933 በሻምበል ባሻው ባቲስታ የተመራው የበታች ሹማምንት አመጽ ከሥልጣን ያባረራቸው መኮንኖች እዚያው ሆቴል ውስጥ መሸጉ፤ በኦክቶበር 2 በመድፍ ተደብድበው እጃቸውን ሰጡ። በዲሴምበር 1946 በዚሁ ሆቴል ሌላ ጉባኤ ተደረገ። ተሰብሳቢዎቹ የአሜሪካ የማፊያ አለቆች ሲሆኑ፣ ጠሪው ከአሜሪካ ወደ ኢጣሊያ ተባርሮ የነበረው ላኪ ሉቺያኖ ነው። ከአጀንዳቸው አንዱ የኩባ ቁማር ቤት ነበር። እንግዲህ ሆቴል ማለት አልጋና ቁርስ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ሥልጣን ያለውም ሥልጣን የሚፈልገውም የሚገናኝበት ቤት ነው።

ዋናው ግንባታ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ባቲስታ በ1952 በመፈንቅለ መንግሥት ከተመለሰ በኋላ፣ በ1955 ቁጥሩ 2074 የሆነ የሆቴል ሕግ አወጣ። ሕጉ በሆቴል ላይ አንድ ሚሊዮን ዶላር፣ በምሽት ክበብ ላይ ደግሞ 200 ሺህ ዶላር ላፈሰሰ ሁሉ የቁማር ፈቃድና የግብር ምሕረት ይሰጣል፤ መንግሥትም በብድር ያግዛል። ታዲያ ማን እንደመጣ መገመት አያስቸግርም! በዲሴምበር 1957 የተከፈተው የሪቪዬራ ሆቴል እውነተኛ ጌታ ሜየር ላንስኪ የተባለው የቁማር ንጉሥ ነበር፤ በወረቀት ላይ የሰፈረው ማዕረጉ ግን «የወጥ ቤት ኃላፊ» የሚል ነው። በዚያው በ1957 ከ270 ሺህ በላይ ጎብኚ ወደ ደሴቲቱ ገባ። ጎብኚው ሌሊቱን ሲጫወት ያገዳ ቆራጩ ዓመቱን በሙሉ ሥራ አያገኝም፤ አዝመራው ጥቂት ወራት ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ሕንጻችን እንምጣ። ሀባና ሂልተን በማርች 1958 ተመረቀ። 630 ክፍል ነበረው፤ 24 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ፤ በጊዜው በላቲን አሜሪካ ትልቁ ሆቴል ይባል ነበር። ግንባሩን ያስጌጠው ሰማያዊ የሸክላ ሥዕል የታወቀችው ኩባዊት ሠዓሊ የአሜሊያ ፔላዬስ ሥራ ነው። ግን ይሄን ሁሉ ገንዘብ ማን አወጣ? ሂልተን እንዳይመስላችሁ። ሂልተን ስሙን ሰጥቶ ያስተዳድር ነበር እንጂ ባለቤቱ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች የጡረታ ገንዘብ ነው። አሳላፊው፣ ወጥ ቤቱ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ሳህን አጣቢው ከደመወዛቸው እየተቆረጠ የተጠራቀመው ሳንቲም ነው ያንን ሁሉ ፎቅ ያቆመው። ሆቴሉ የነሱ ነበር፤ ነገር ግን በዋናው በር ገብተው ከወንበሩ ላይ ሊቀመጡበት አይችሉም። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የሂልተን ዘመን ከሁለት ዓመት ብዙም አልዘለለም። በጃንዋሪ 1 ቀን 1959 ሌሊት ባቲስታ በአውሮፕላን አመለጠ። በማግሥቱ ሕዝቡ ቁማር ቤቶቹን ሰባበረ፤ የሪቪዬራው መግቢያ አዳራሽ ድረስ አሳማ ተነድቶ ገባ እየተባለም ይነገራል። ፊደል ካስትሮ በጃንዋሪ 8 ሀባና ሲገባ መምሪያውን ያቋቋመው በሂልተን 23ኛ ፎቅ ላይ ነው። ጢማቸውን ያሳደጉ ገበሬ ወታደሮች በምንጣፉ ላይ በጭቃ ጫማ ተራመዱ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። አዲሱ መንግሥት ቁማር ቤቶቹን ሲዘጋ ሠራተኞቹ «እንጀራችንስ?» ብለው ጮኹ። ስለዚህ ለጊዜውም ቢሆን በፌብሩዋሪ እንደገና ተከፈቱ፤ ኋላ ነው ለሁልጊዜው የተዘጉት። ቁማሩ ክፉ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ካርታ በማደል ቤተሰቡን ያስተዳድር ለነበረው ሰው ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አልነበረም።

አዲሱ መንግሥት ጎብኚ አልጠላም። እንዲያውም በኦክቶበር 1959 የአሜሪካ የጉዞ ወኪሎች ማኅበር ጉባኤውን ሀባና ላይ ሲያደርግ ሁለት ሺህ ገደማ ወኪሎች መጡ፤ ካስትሮም ኑልን ሲል ጋበዛቸው። ነገር ግን ጉባኤው ገና ሳይበተን፣ በኦክቶበር 21፣ ከፍሎሪዳ የተነሣ አውሮፕላን በከተማው ላይ የተቃውሞ ወረቀት በተነ፤ መድፉ ተተኮሰ፤ ሰው ቆሰለ። ወኪሎቹ ይዘው የሄዱት ወሬ ምን ዓይነት እንደነበር መናገር አያስፈልግም። በጁን 1960 ሂልተን ተወረሰና «ሀባና ሊብሬ»፣ ነጻይቱ ሀባና ተባለ። በጃንዋሪ 1961 አሜሪካ ግንኙነቷን አቋረጠች፤ ጎብኚውም ቀረ።

ባዶ አልጋ የሞላበት ከተማ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው። በጃንዋሪ 1966 ከእስያ፣ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የ82 አገሮች ተወካዮች በሀባና ሊብሬ ተሰበሰቡ። የሦስቱ አህጉር ጉባኤ የምንለው ይህ ነው። ጉባኤውን ያዘጋጅ የነበረው ሞሮኳዊው መህዲ ቤን ባርካ ከመክፈቻው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ፓሪስ ላይ ታፍኖ ጠፍቷል። አሚልካር ካብራል ለጊኒ ቢሳው ሕዝብ የተናገረው፣ ለባለገንዘቦች በተሠራው በዚያ ሆቴል ነው። በጃንዋሪ 1968 ደግሞ ደራስያንና ምሁራን ለባህል ጉባኤ መጡ፤ ከነዚህም ኤሜ ሴዜርና ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ይገኙበታል። ሁለቱም ከካሪቢያን ደሴቶች የወጡ ናቸው። የቁማር ጠረጴዛ በነበረበት ቤት ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ባህል መከሩ። ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም።

በሆቴል አዳራሽ መሰብሰብ ሲጠብባቸው ኩባውያን የራሳቸውን የጉባኤ ቤት ሠሩ። በ1979 በከተማይቱ ምዕራብ የቆመው የስብሰባ ቤተ መንግሥት የተሠራው ለስድስተኛው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ነው። መሪዎቹም ያረፉት ጌቶቻቸው አገር ለቀው በሄዱ ቪላዎች ውስጥ ነው። አዛውንቱ ቲቶ ለመጨረሻ ጊዜ በዚህ ጉባኤ ላይ ተገኙ። የኋላ ኋላ፣ ከ2012 ጀምሮ፣ የኮሎምቢያ መንግሥትና የፋርክ ታጣቂዎች ዓመታት የፈጀውን የእርቅ ድርድር ያካሄዱት በዚሁ ቤት ነው። ስለዚህ አዳራሽ ሁሉ ባዶ ጌጥ ነው አንልም። ጥይት የሚያስቆም አዳራሽም አለ።

ወደ ራሳችን የሚያደርሰንም መንገድ አለ። ከዋናው ደሴት በስተደቡብ የጥድ ደሴት የምትባል አለች። ባቲስታ በሚሸሽበት ዋዜማ፣ በ1958 መጨረሻ፣ እዚያ የተመረቀው ኮሎኒ የተባለ የቅንጦት ሆቴል ነበር። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1978፣ ደሴቲቱ «የወጣቶች ደሴት» ተባለች። ከዚያም ከአፍሪካ የመጡ ተማሪዎች ሞሉባት፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ፊደልና ስፓኒሽ የቆጠሩት እዚያ ነው። ደሴትን ሆቴል ብቻ እንጂ ሌላ ነገር ማድረግ እንደሚቻል ምስክሮቹ የኛው ሰዎች ናቸው።

ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ተረት በሆነ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ የስኳሩ ገዢ ጠፋ፤ ኩባም ተመልሳ ወደ ባሕሩ ዳርቻ አየች። በ1990 ከስፔን ኩባንያ ጋር በሽርክና የተሠራ ሆቴል በባራዴሮ ተከፍቶ ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ሀባና ሊብሬንም የስፔን ኩባንያ እንዲያስተዳድረው ተደረገ። ያኔ ነው የቀድሞው ነገር በሌላ ልብስ የተመለሰው። በራሳቸው አገር፣ «ነጻይቱ ሀባና» በተባለው ሆቴል፣ ኩባውያን ክፍል እንዳይከራዩ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሣው በ2008 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የአንድ ሌሊቱ ዋጋ ከአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ በላይ ነበር። ሐኪሙ ሆስፒታሉን ትቶ በዶላር ጉርሻ ወደሚያድርበት ወደ አሳላፊነት የሄደበት ዘመን ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ማለት እዚህ ላይ ይመጣል።

በ2018 ወደ 4.7 ሚሊዮን ጎብኚ ገብቶ ነበር፤ በ2024 ከግማሽ በታች ወረደ። ሆኖም ግንባታው አልቆመም። በ2025 ሀባና ሊብሬ ባለበት ሠፈር 42 ፎቅ ያለው አዲስ ሆቴል ተከፈተ፤ የከተማዋ ረጅሙ ሕንጻ ነው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2024፣ አገሪቱ በሙሉ መብራት ጠፍቶባት ሰንብታለች። ማዕቀቡ የራሱ ድርሻ አለው፤ አንክድም። ነገር ግን ካለው ጥቂት ሲሚንቶና ብር ምን ያህሉ ለአልጋ፣ ምን ያህሉ ለመብራት ይዋል ብሎ የወሰነ አንድ ሰው አለ፤ የተጠየቀው ደግሞ አሳላፊው አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ይዘን እንወጣለን? አንድ ሕንጻ የባለቁማሩም የነጻ አውጪውም ቤት ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩ ወገን የለውም። ውስጡ የሚነገረው ሲለወጥ ግን እውነተኛ ለውጥ ነው፤ የ1946ቱን ጉባኤና የ1966ቱን አንድ ናቸው የሚለን ካለ አንስማማም። ያልተለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ ከአሳላፊው ደመወዝ የተቆረጠው ገንዘብ ለማን ጥቅም ዋለ የሚለው ጥያቄ በሂልተንም፣ በአብዮቱም፣ በስፔኑም ኩባንያ ዘመን መልስ ሳያገኝ አለፈ።

እኛም የአዳራሽ ከተማ ልጆች ነን። በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በ1963 የተፈረመውን ቻርተር ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል፤ የፈረሙትንም መሪዎች ስም እናውቃለን። በዚያ ቀን ወንበሩን የደረደሩት፣ ቡናውን ያቀረቡት፣ ምንጣፉን የጠረጉት እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ ሳይጠየቁ አልፈዋል፤ ምናልባት ልጆቻቸው በየሠፈራችን አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያልን የምንጨነቅ የታሪክ ተማሪዎች እስቲ ከነሱ እንጀምር።