ሙቀቱ ዝቅ ሲል

በእስራኤል የእኛ የኢትዮጵያውያን ወገን በብዛት ከሰፈረባት ከቅርያት መላኪ ማልዶ በአውቶቡስ የተነሳ መንገደኛ ፀሐይዋ ሳትበረታ ገደራን ያልፋል፣ ከዚያም ያቭኔን በስተግራ በባሕሩ በኩል ትቶ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ረሆቮት ይደርሳል፤ እዚያ የዋይዝማን ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሚካኤል ሴላ፣ ኤስተር ሁርዊትዝና ኤስተር አቡድ-ፒራክ አንድን ፀረ እንግዳ አካል ከኬሞ መድኃኒት ጋር አብሮ መስጠት ዕጢን ይበልጥ እንደሚያጠቃ ያሳዩት በዚህ ተቋም ነው። ሴቱክሲማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒትም ከዚህ ምርምር ጋር የተያያዘ ነው፤ አሜሪካ በ2004 ፈቀደችው።

ታዲያ ፀረ እንግዳ አካል የሚገኘው ከሕያው ሕዋስ ነው። በ1975 ኬምብሪጅ ላይ ሚልስታይንና ኮለር ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ከማይሞት የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱ፤ ዛሬ ደግሞ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከሐምስተር እንቁልጢ የመጣ ሕዋስ ነው።

ይህ ሕዋስ በብረት ጋን ውስጥ 37 ዲግሪ ይሞቅለታል፣ ስኳርና ኦክስጅን ይገባለታል፣ ከዚያም ይበዛል፣ ሲበዛም ላክቲክ አሲድና አሞንያ እያወጣ የራሱን ውኃ ይመርዛል። እናቶቻችን በብርድ ጊዜ ቡኮውን ሸፍነው ምድጃ ዳር እንደሚያኖሩት፣ እዚህም ሙቀትን የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። መርዙ እንዳይበዛም ምግቡ ባንዴ አይፈስም፤ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። ከዚያ ሕዋሱ በቂ ሲሆን ሙቀቱን ወደ 32 ወይም 33 ዲግሪ ያወርዱለታል፣ ያን ጊዜ መባዛቱን ይገታል፣ ቆሻሻው ይቀንሳል፣ ዕድሜው ይረዝማል፣ ፀረ እንግዳ አካሉን ግን መሥራቱን አይተውም። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ሳይባዛ ሲቀር ብዙ ይሰጣል። ሁሉም ዘር ግን ብርዱን አይወድም፣ ለየዘሩ መሞከር ግድ ነው።

ጋኑን የምትጠብቀው ተረኛ ሠራተኛም ከጋኑ ጠብታ ትቀዳለች፣ ሰማያዊ ቀለም ትቀላቅልበታለች፣ በማይክሮስኮፕም ታያለች። የሞተው ሕዋስ ቀለሙን ጠጥቶ ሰማያዊ ይሆናል፣ በሕይወት ያለው ግን አያስገባም፣ ጠርቶ ያበራል። ሰማያዊው ሳይበዛ ጋኑ ይቀዳል፤ የሞተ ሕዋስ ሲፈነዳ የሚያፈሰው ኢንዛይም የተሠራውን ይቆራርጠዋልና። ከዚያም ፈሳሹ ይጠለላል፣ ፕሮቲን ኤ በተሞላ ዓምድ ያልፋል፣ ፀረ እንግዳ አካሉ እዚያ ተጣብቆ ይቀራል፣ በስተመጨረሻም ለዘብ ያለ አሲድ ሲፈስበት ለቅቆ ይወርዳል።