መርከብ በየብስ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ ቡና ቤት ነበረው። ደንበኞቹ የመርከብ ባለቤቶች፣ ካፒቴኖችና ነጋዴዎች ስለነበሩ የቡናው ወሬ ሁሉ ከባሕር አይወጣም ነበር። የትኛው መርከብ ወደብ ደረሰ? የትኛውስ ዘገየ? ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በአንድ ወረቀት ግርጌ ስማቸውን እየፈረሙ፣ መርከቡ ቢሰጥም ከጉዳቱ የየድርሻቸውን ሊከፍሉ ይዋዋላሉ። ስመ ጥሩው የሎይድስ የመድን ገበያ የበቀለው ከዚህ ቡና ቤት ነው።

በ1904 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ ገበያ እንግዳ ጥያቄ ቀረበለት፤ ለመኪና መድን ተጠየቀ። ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀ ውል አልነበረም። ስለዚህ የተለመደው የባሕር ውል ተነሣና መኪናው በየብስ ላይ የሚጓዝ መርከብ ተደርጎ ተመዘገበ። ወደ ኢትዮጵያም ዘመናዊ መድን የገባው በዚያው ሰሞን በባሕርና በእሳት በር ነው፤ በ1905 የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ላይ መድን ይሰጥ ጀመር።

የ1904ቱ ውል ዛሬ ሲወራ ሰውን ፈገግ ያሰኛል። ቢሆንም የባሕሩ መድን ይዞት የመጣ አንድ ልማድ ነበር። መኪናው ከዚህ ልማድ ለብዙ ዓመታት ተለይቶ ኖረ፤ መልሶ ሲያገኘው ግን ያረጁ የስፖርት መኪኖች ባለቤቶች እፎይ አሉ።

ልማዱ ዋጋን አስቀድሞ መቁረጥ ነው። መርከብ ሲሰጥም ዕቃው፣ ሸራውና መልሕቁ ባሕር ግርጌ ይቀራል። ያረጀ ነበር ወይስ በቅርቡ የታደሰ፣ ማንም ወርዶ አያይም። ስለዚህ መርከቡ ከወደብ ከመነሣቱ በፊት መድን ሰጪውና ባለቤቱ ዋጋው ይህን ያህል ነው ብለው ይስማሙና በውሉ ላይ ይጽፉታል። የብሪታንያ የ1906ቱ የባሕር መድን ሕግ ይህን አሠራር በ27ኛው አንቀጽ አጸናው። ማጭበርበር እስካልተገኘ ድረስ በውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ የመጨረሻ ነው፤ ከአደጋው በኋላ ክርክር አይነሣበትም።

መኪና ግን በሺህ የሚቆጠሩ መንትዮች ያሉት የፋብሪካ ዕቃ ሆነ። አንዱ ቢጋጭ ያንኑ ዓይነት ከገበያ ገዝቶ መተካት ይቻላል። በዚህ ምክንያት መድን ሰጪዎች በአደጋው ቀን መኪናው ገበያ ላይ የሚያወጣውን ዋጋ ብቻ መክፈልን ደንብ አደረጉ። ለአዲስ መኪና ተገቢ አሠራር ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ ካሳውም አብሮት ይወርዳል። በ1930 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድንን በመላ ብሪታንያ ግዴታ አደረገው። ከዚያ ወዲህ አረቦን መክፈል ያልቻለ ሰው መኪናውን ደጁ ላይ አቁሞ ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ነገሩ እንዴት እንደከረረ ለማየት አንዲት መኪና ትበቃለች። በመስከረም 1962 ከኦክስፎርድ ብዙም የማይርቀው የአቢንግደን ፋብሪካ ኤምጂቢን አወጣ። ሁለት መቀመጫ፣ የሚታጠፍ ቴንዳ፣ 1,798 ሲሲ ሞተር ነበራት፤ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች። ዋጋዋ ግብሩ ሳይጨመር 690 ፓውንድ ነበር። ጃጓር ኢ ታይፕ የተባለውን ውድ መኪና በመስኮት ብቻ የሚያዩ ወጣቶች ይህችን ቆጥበው ሊገዟት ይችሉ ነበር። እስከ ጥቅምት 1980 ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርታለች፤ አብዛኛዋም ውቅያኖስ ተሻግራ አሜሪካ ገባች።

ግዢው ላይ የተሳካለት ወጣት መድኑ ላይ ይሰናከላል። ዕድሜው ከ25 በታች፣ መኪናው ባለ ቴንዳና ፈጣን፣ ሌሊት የምታድረውም መንገድ ዳር ከሆነ ሦስቱም ነገሮች አረቦኑን ወደ ላይ ይገፉታል። በዘመኑ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአንድ ታሪፍ ተስማምተው ስለሚሠሩ ከአንዱ ወደ ሌላው መሮጥም እምብዛም አያዋጣም ነበር።

ርካሽ መድን ይዘው የመጡት ከዚህ ስምምነት ውጭ የነበሩ አዳዲስ ኩባንያዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱን፣ ፋየር አውቶ ኤንድ ማሪንን፣ በ1963 ያቋቋመው ኤሚል ሳቩንድራ የሚባል የሴሎን ተወላጅ ነው። አረቦኑ ከሌሎቹ በእጅጉ ያነሰ ስለነበር ሰው ጎረፈለት። በ1966 ኩባንያው ሲፈርስ 400,000 ያህል አሽከርካሪዎች በአንድ ጊዜ መድን አልባ ሆኑ። ሳቩንድራ በ1967 መጀመሪያ በቴሌቪዥን ቀርቦ ዴቪድ ፍሮስት በተባለው ጋዜጠኛ ፊት ሲጠየቅ፣ ካሳቸውን ያጡ ሰዎች እዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ነበር። በማግስቱ ዓመት በማጭበርበር 8 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ትምህርቱ ግን ቶሎ አልገባም። ቪሂክል ኤንድ ጄኔራል የተባለው ኩባንያም አደጋ ላላደረሱ አሽከርካሪዎች ትልቅ ቅናሽ እሰጣለሁ ብሎ በአሥር ዓመት ውስጥ ገነነ። ሐሳቡ በራሱ መልካም ነበር፤ ጥንቁቅ ሰው ከግዴለሽ ጋር እኩል መክፈል የለበትም። ችግሩ የሚሰበሰበው አረቦን የሚከፈለውን ካሳ አለመሸፈኑ ነው። በመጋቢት 1971 ኩባንያው ወደቀ፤ 800,000 ገደማ ሰዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። ይህ የሀገሩን አሽከርካሪዎች በሙሉ ያስደነገጠ ነገር ነበር። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ሕግ ሲጥስ ሊገኝ ነው፤ የተጋጨው መኪናም ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ከፋይ አጣ። በ1975 ፓርላማው የመድን ገቢዎችን መብት የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ኩባንያ ሲፈርስ ግዴታ የሆነው የመድን ካሳ ሙሉ በሙሉ፣ ሌላው 90 በመቶ እንዲከፈል ተወሰነ። ወጪውን የሚሸፍኑት የቀሩት ኩባንያዎች ሆኑ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የ1962ቷ ኤምጂቢ እያረጀች ነበር። ሞተሯ ቀላልና ታጋሽ ነው፤ መለዋወጫም አይጠፋላትም። ክፉ ጠላቷ ዝገት ነው። ሻንሲዋ ከቦዲዋ የተለየ አይደለም፤ ላሜራው ራሱ ነው ክብደቱን የሚሸከመው። ከበሩ ሥር ያለው ደጋፊ ብረት ከውስጥ ከተበላ መኪናዋ ከመሀል ትዘምማለች፣ በሮቿም አልዘጋ ይላሉ። ይህን ያበጀ ሰው ብዙ ቅዳሜና እሑድ በብየዳ ጭስ ውስጥ አሳልፏል።

መድን ሰጪው ሠንጠረዥ ላይ ግን ያ ድካም አይታይም። የአሥራ አምስት ዓመት መኪና ተብሎ የሚሰጠው ዋጋ ያው ነው፤ ጎተራ ውስጥ የዛገችውም ከብረቷ እስከ ቀለሟ የታደሰችውም እኩል ናቸው። ከኋላ ቀለል ያለ ግጭት ደርሶ ፓራውልቷና የኋላ ላሜራዋ ቢታጠፍ፣ የጥገናው ሒሳብ ከመኪናዋ ዋጋ በለጠ ይባልና ከጥቅም ውጭ ትደረጋለች። ባለቤቱ የሚሰጠው ገንዘብ ለቀለሙ እንኳ አይበቃም። ሰዎች በአረቦን ውድነት ከሚያማርሩት የበለጠ ያንገበገባቸው ይህ ነው፤ ሲከፍሉ እንደ ፈጣን መኪና፣ ሲካሱ እንደ ቁርጥራጭ ብረት።

መፍትሔው የመጣው ከመኪና ወዳጆች ማኅበራት ነው። ብሪታንያ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች መሰባሰብ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። የጥንት መኪኖች ማኅበር በ1930፣ የቆዩ የስፖርት መኪኖች ማኅበር በ1934 ተመሥርተዋል። ኤምጂቢን የሠራው ኤምጂም በ1930 የተመሠረተ ማኅበር ነበረው፤ በ1973 ደግሞ የባለቤቶች ማኅበር ተጨመረለት። እነዚህ ሰዎች አንዱ የሌላውን መኪና ብሎን በብሎን ያውቃሉ። መድን ሰጪው ያጣውም ይህን ዕውቀት ነበር። ባለቤቱ መኪናዋን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎንና ከውስጥ ፎቶ አንሥቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩንም ጨምሮ ያቀርባል። የማኅበሩ ዐዋቂ ይመረምርና ዋጋውን ይመሰክራል። መድን ሰጪው ይቀበላል፤ ዋጋው በውሉ ላይ ይሰፍራል። የመርከቡ ልማድ በዚህ መንገድ ወደ መኪናው ተመለሰ።

አሜሪካ ውስጥም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ እንዲያውም አንደኛው ቃል በቃል ከውኃ የወጣ ነው። ግራንዲ የተባለው ድርጅት ከ1947 ጀምሮ ለአሮጌ መኪኖች በተቆረጠ ዋጋ መድን እሰጥ ነበር ይላል። ዛሬ በዚህ መስክ ከሁሉ የሚታወቀው ሄገርቲ ግን የተጀመረው በጀልባ ነው። በሚሺጋን ግዛት በትራቨርስ ሲቲ የሚኖሩት ፍራንክና ሉዊዝ ሄገርቲ ለእንጨት ጀልባዎቻቸው ተገቢ መድን ቢያጡ በ1984 ራሳቸው ሥራውን ጀመሩ። ጀልባ ወዳዱ ሰው ብዙ ጊዜ አሮጌ መኪናም አለው፤ በ1991 ወደ መኪና ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ካሳው ከፍ ሲል አረቦኑ መውረዱ እንዴት ነው? ቪሂክል ኤንድ ጄኔራል ርካሽ የነበረው ሒሳቡን ስለሳተ ነው፤ የአሮጌ መኪና መድን ርካሽ የሚሆነው ግን የመኪናዋ ኑሮ ስለተለወጠ ነው። ያቺ በ1962 የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሌሊት በዝናብ ያበረራት መኪና አሁን ባለቤቷ ሃምሳውን አልፏል፤ ለሥራ የሚሄደው በሌላ መኪና ነው። እርሷ የምትወጣው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ማታ ተቆልፎባት ጋራዥ ታድራለች። በዓመት የምትሄደው ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ስለዚህ ውሉ የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው፦ ሌላ የዘወትር መኪና፣ የተዘጋ ማደሪያ፣ የተወሰነ የዓመት ርቀት፣ ብዙ ጊዜም የማኅበር አባልነት። ርቀቱ ባነሰ ቁጥር አረቦኑም ያንሳል። ከዚህ ክብ ውጭ የሚቀር ግን አለ። መኪናዋን የዕለት መጓጓዣው ያደረገ ሰው ቅናሹን አያገኝም። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነውን ብዙዎቹ ልዩ መድን ሰጪዎች አይቀበሉትም ወይም በብዙ ቅድመ ሁኔታ ነው የሚቀበሉት። ኤምጂቢ በመጀመሪያ የተሠራችው ለእንደዚህ ዓይነቱ ወጣት መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ ያሳዝናል።

የተቆረጠ ዋጋም ካልታደሰ ያታልላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሮጌ የስፖርት መኪኖች ዋጋ እንደ እሳት ሲነሣ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቆረጠ ዋጋ ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ሳያውቁት ግማሽ መድን ብቻ ነበራቸው። ከ1990 ወዲህ ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ለዚህ ነው ፎቶውና ምስክርነቱ በየጥቂት ዓመቱ እንዲታደስ የሚፈለገው።

የብሪታንያ መንግሥትም በበኩሉ አሮጌዎቹን እያየ ሄደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ 25 ዓመት የሞላቸው መኪኖች ከዓመታዊ የመንገድ ግብር ነጻ ሆኑ፤ ከ2014 ጀምሮ መመዘኛው 40 ዓመት ነው። ከግንቦት 2018 ወዲህ 40 ዓመት የሞላትና በመሠረታዊ መልኩ ያልተለወጠች መኪና ዓመታዊ ምርመራ አይገደድባትም፤ መድኗ ግን ግዴታ ሆኖ ቀጥሏል።

መኪናው ከመርከቡ ልማድ የተለየበት አንድ ቦታ አለ። በባሕር ሕግ መድን ሰጪው ለጠፋው መርከብ ሙሉ ዋጋ ከከፈለ ስባሪውን የመውሰድ መብት አለው። በብዙዎቹ የአሮጌ መኪና ውሎች ግን ባለቤቱ ገንዘቡን ተቀብሎም ስባሪውን ማስቀረት ይችላል። ለኤምጂቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የቀድሞውን የፋብሪካ ማተሚያ ቅርጽ አሰባስቦ አዲስ የኤምጂቢ ቦዲ መሥራት ጀመረ። ከመሀል የታጠፈች መኪና ባለቤት ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውንና መቀመጫውን ከስባሪው ይፈታል፤ ዝገት ያልነካው ቦዲ ያስመጣል፤ ክረምቱን ጋራዥ ገብቶ አንድ በአንድ ይገጥመዋል። ሲጨርስ ካሜራውን አውጥቶ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን፣ ኮፈኑንም ከፍቶ ፎቶ ያነሣና አዲስ ዋጋ እንዲቆረጥላት ለማኅበሩ ይልካል።